ሁለት ቤት በአንድ ቆጣሪ

ኪጋሊ የሄድኩት በ2011 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ነው፤ ለባንክ ሠራተኞች የተዘጋጀ የሦስት ሳምንት ሥልጠና ነበር። ስለ ሥልጠናው ብትጠይቁኝ የሻይ ዕረፍቱን ብቻ ነው የምተርክላችሁ። አንድ ምሽት እራት ላይ ሳላስብ ያመለጠችኝ ንግግር ግን እስካሁን አልለቀቀችኝም። ጥርስ መሐል እንደገባ የሥጋ ክር ናት፤ ምላሴ መልሶ መላልሶ እዚያው ይሄዳል።

ሥልጠናው ላይ ከጎኔ የሚቀመጡት ሰውዬ ከቡጁምቡራ የመጡ ነበሩ። ጡረታ ለመውጣት ወራት የቀራቸው፣ የሸሚዛቸውን ቁልፍ እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ፣ ማስታወሻ በእርሳስ የሚይዙ ሰው። ከእንግሊዝኛቸው ፈረንሳይኛቸው ስለሚሻል እኔም እንደ አገራችን ወግ «ሙሴ» እያልኩ ጠራኋቸው። መጀመሪያ ግር አላቸው፤ ሲቆይ ወደዱት።

አንድ ቅዳሜ ማታ ኒያሚራምቦ የሚባል ሰፈር ወሰዱኝ። ሞተረኞች እየተጋፉ የሚያልፉበት፣ በየደጁ ከሰል የሚጨስበት ሰፈር ነው። የፍየል ሥጋ በሽቦ ተሰክቶ ይጠበሳል፤ ከጎኑ የተጠበሰ ሙዝ ይቀርባል። አስተናጋጇ ስትመጣ ሙሴ «አማሆሮ» አሏት። ሰላም ማለት ነው። ልጅቷ ገና ሌላ ቃል ሳይጨምሩ ሳቅ አለችና «ኡሙሩንዲ!» አለች፤ የቡሩንዲ ሰው። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ያለ ምንም ችግር ሲያወሩ ቆዩ። እሳቸው በኪሩንዲ፣ እሷ በኪንያርዋንዳ። የጎንደር ሰውና የሸዋ ሰው እንደሚግባቡት ነበር የሚመስለው፤ አልፎ አልፎ አንድ ቃል ላይ ይሳሳቃሉ እንጂ የሚያቆማቸው ነገር የለም።

እኔም ይሄን አይቼ፣ ሁለተኛው ቢራዬም ረድቶኝ፣ «ታዲያ አንድ ሕዝብ ናችሁኮ! ምን ሆናችሁ ነው የተለያያችሁት?» አልኳቸው።

ሙሴ የያዙትን ሽቦ ሳህኑ ላይ አስቀመጡ። «ቤልጂጎችም እንደዚህ ነበር የሚሉን» አሉኝ፤ ሳይቆጡ። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «አንተ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ አላልከኝም?» ብለው ጠየቁ።

«ነኝ።»

«እንግዲያው ምን ትጠይቀኛለህ? እዚያ ነው የተለያየነው። እናንተ ዘንድ።»

ቀልድ መሰለኝና ሳቅኩ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ቦርሳቸውን አውጥተው፣ ከጉርድ ፎቶግራፎች ኋላ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ አንድ አሮጌ የወረቀት ገንዘብ መዘዙ።

ሃያ ፍራንክ ነው። አዞ አለበት። በፈረንሳይኛ «የሩዋንዳና የቡሩንዲ ገንዘብ አውጪ ባንክ» ይላል። በላዩ ላይ ደግሞ፣ ጽሑፉንም ሥዕሉንም እያቋረጠ፣ በወፍራም ጥቁር ፊደል «ቡሩንዲ» የሚል ታትሞበታል። እኔ መስኮት ላይ ተቀምጬ ገንዘብ ስቆጥር የኖርኩ ሰው ነኝ። የተጻፈበት ብር ሳይ እጄ ወዲያው ወደ «ተበላሸ» ክምር ነው የሚወስደው። ያን ማታም አውራ ጣቴ ሳላዘው ወረቀቱን እየዳበሰ እንከን ይፈልግ ነበር። ሙሴ ገባቸው መሰለኝ፣ «አይ፣ ጽሑፉ ነው ዋጋ የሰጠው» አሉኝ። «ጽሑፉ ባይኖር አባቴ ጨው አይገዛበትም ነበር። እኔና ይሄ ገንዘብ እኩያ ነን፤ በፈረንጆቹ 1960 ነው የተወለድነው። እሱ በአራት ዓመቱ ሞተ።»

የ54ቱ ዋንጫ

የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ይባላል። ተወልጄ ያደግኩበት ከተማ ላይ የሁለት አገሮች ዕጣ ሲመከር እንደነበር ኪጋሊ ድረስ ሄጄ፣ ከአንድ የቡጁምቡራ ሰው አፍ ልስማው? ያን ሌሊት ሆቴል ገብቼ እስኪነጋ ሳነብ አደርኩ። እውነት ነው። በኤፕሪል 1962፣ በእኛ ሚያዝያ 1954፣ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የሩዋንዳንና የቡሩንዲን መሪዎች አዲስ አበባ ጠርቶ ነበር። የጠራቸው ኮሚሽን ሊቀመንበር የላይቤሪያዋ አንጂ ብሩክስ ነበሩ። ጉዳዩ አንድ ነው፦ ነፃነት ሊሰጣችሁ ወራት ቀርተዋል፤ አንድ አገር ሆናችሁ ትወጣላችሁ ወይስ ሁለት?

ስመለስ አጎቴን ጠየቅኩት። በ54 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበር፤ ጋዜጣ የሚያነብ፣ ሬዲዮ የማያመልጠው ዓይነት።

«ጋሼ፣ 54 ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ትልቅ ነገር ተደርጎ ነበር፤ ታስታውሳለህ?»

«አንተ ደግሞ! እንዴት አላስታውስም? ዋንጫ የበላንበት ዓመት!»

ግብፅን አራት ለሁለት። ጥር ላይ። ሉቻኖ ቫሳሎ ከጃንሆይ እጅ ዋንጫውን ሲቀበል ስታዲየሙ እንዴት እንደተናወጠ ግማሽ ሰዓት ተረከልኝ። ሦስት ወር ቆይቶ ስለመጡት የሩዋንዳና የቡሩንዲ ሰዎች ግን ትዝ የሚለው ነገር የለም። አልፈርድበትም። የሰው አገር ሲፈርስም ሲሠራም ለአስተናጋጁ ከተማ እንግዳ መጣ፣ እንግዳ ሄደ ነው። አዲስ አበባ ያኔም ዛሬም የሰው ጉባኤ የሚበዛባት ከተማ ናት፤ እኛ የምናውቀው መንገድ መዘጋቱን ነው።

(ዋንጫውን ያነሣው የአሥመራ ልጅ መሆኑን፣ ዋንጫው በተበላ በአሥር ወሩ ደግሞ የኤርትራ ፌዴሬሽን መፍረሱን ለአጎቴ አላነሣሁበትም። ደስታውን ለምን ላጥፋበት? ግን ያንንም ፌዴሬሽን የወሰነው ይኸው ድርጅት ነበር፣ በፈረንጆቹ 1950። ለሩዋንዳና ለቡሩንዲ አንድነት ሲመክር፣ ለእኛ ያዘዘው መድኃኒት እዚያው አዲስ አበባ ውስጥ እየተደፋ ነበር።)

ሰረዟ

ሙሴ «ቤልጂጎችም እንደዚህ ነበር የሚሉን» ያሉኝ ነገር ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው። እኔ አንድ የነበረ ቤት የተከፈለ መስሎኝ ነበር። ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው።

ሩዋንዳና ቡሩንዲ አውሮፓዊ ሳይረግጣቸው በፊት ሁለት መንግሥታት ነበሩ፤ ሁለት ንጉሥ፣ ሁለት አደባባይ፣ በመካከላቸውም ብዙ ጦርነት። ጀርመኖች መጥተው ከምሥራቅ አፍሪካ ቅኝ ግዛታቸው ጋር ደባለቋቸው፤ ያም ሆኖ ለየብቻ ሹም ነበር ያስቀመጡላቸው። በፈረንጆቹ 1916 የቤልጂግ ጦር ከኮንጎ ተነሥቶ ያዛቸው። ከጦርነቱ በኋላ የመንግሥታቱ ማኅበር ለቤልጂግ በአደራ ሲሰጣት ሁለቱ በአንድ ስም ተመዘገቡ፦ ሩዋንዳ-ኡሩንዲ። መሐል ላይ ያለችውን ሰረዝ ልብ በሉልኝ። ያቺን ሰረዝ ከሩዋንዳም ከቡሩንዲም የለመናት ሰው አልነበረም።

ሰረዟም ብቻዋን አልቀረችም። በኦገስት 1925 ቤልጂግ ሕግ አወጣችና ይሄን ግዛት ከኮንጎ ጋር «በአስተዳደር ኅብረት» አጣመረችው። ገዢው ኡሱምቡራ ይቀመጣል፤ ቡጁምቡራ ያኔ እንዲህ ነበር የምትባለው። የበላዩ ግን ሊዮፖልድቪል ያለው የኮንጎ ጠቅላይ ገዢ ነው። ሁለቱ ግዛቶች ተደምረው 54 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ግድም ናቸው፤ ኮንጎ ከዚያ አርባ ጊዜ ትበልጣለች። ሕጉ አዲሱ ግዛት የራሱ ሕጋዊ ሰውነትና የራሱ ንብረት እንዳለው ጽፏል። የአደራ ሰነዱም ቢሆን እንዲህ ያለውን ጥምረት ይፈቅድ ነበር፤ የአደራውን ዓላማ እስካልነካ ድረስ። ወረቀቱ ሁሉ የተስተካከለ ነው። ወረቀት ደግሞ እኔም ሳዘጋጅ ስለምውል አውቀዋለሁ፤ ይበልጥ የተስተካከለ ሲሆን ይበልጥ እጠረጥራለሁ።

ነገሩን ለቤልጂግ ያቀለለላት ሒሳቡ ነው። አንድ ጦር፣ አንድ የጉምሩክ ሥርዓት፣ አንድ ፍራንክ። ለሁለት ትናንሽ ተራራማ አገሮች የተለየ ቢሮ ከማቋቋም የኮንጎን ቢሮ ቅርንጫፍ ማስፋት ይረክሳል። እዚህ ላይ ክፋት መፈለግ አያስፈልግም፤ የበጀት ሠራተኛ አስተሳሰብ ይበቃል። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም እንዲሉ፣ የሩዋንዳው ንጉሥ ሙሲንጋ አልመች ሲላቸው በ1931 አንሥተው ልጁን አነገሡ፤ አባትየውንም መጨረሻ ላይ ኮንጎ አጋዙት። የአስተዳደር ኅብረቱ ለግዞትም አገልግሏል ማለት ነው። መታወቂያ ላይ ሁቱ፣ ቱትሲ፣ ትዋ እያሉ ስለመጻፋቸውና ያ በኋላ ምን እንዳመጣ አንባቢ ያውቃል፤ አልደግመውም።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አደራው ወደ ተባበሩት መንግሥታት ዞረ። ድርጅቱ እንዲህ ያሉ የአስተዳደር ኅብረቶችን የሚከታተል ቋሚ ኮሚቴ እስከማቋቋም ደርሷል፤ የአደራ ግዛቶች በጎረቤት ቅኝ ግዛት ተውጠው እንዳይቀሩ የሚሰጋ ሰው ነበረ ማለት ነው። ስጋቱ ግን በኮሚቴ አልተፈታም፤ ኮንጎ ራሷ ፈታችው። በጁን 30 ቀን 1960 ኮንጎ ነፃ ስትወጣ የሠላሳ አምስት ዓመቱ ጥምረት በአንድ ቀን ባዶውን ቀረ። ከ1952 ጀምሮ የኮንጎንም የሩዋንዳ-ኡሩንዲንም ስም ይዞ ገንዘብ ያወጣ የነበረው ባንክም ለሁለቱ ሌላ ባንክ መተካት ነበረበት። የሙሴ አዞ የተወለደው ያኔ ነው።

ሰረዟ ግን አሁንም አለች። ሁለቱ ቤቶች ከትልቁ ግቢ ወጥተው እርስ በርሳቸው እንደተጣበቁ ናቸው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለት ዓመታት እየተሯሯጡ ነው ያለፉት። ሩዋንዳ ውስጥ በ1959 መጨረሻ ደም ፈሰሰ፤ ብዙ ሺህ ቱትሲ ወደ ቡሩንዲም ወደ ኡጋንዳም ተሰደደ። በጃንዋሪ 1961 ጊታራማ ላይ ሪፐብሊክ ታወጀ፤ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ሕዝበ ውሳኔ ንጉሡን አሰናበተ። በዚያው ወር ቡሩንዲ ውስጥ የንጉሡ ልጅ የልዑል ልዊ ርዋጋሶሬ ፓርቲ ከ64 መቀመጫ 58ቱን አሸነፈ። ርዋጋሶሬ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ ሁለት ሳምንት ነው የሠራው፤ ኦክቶበር 13 ቀን ኡሱምቡራ ውስጥ እራት ላይ በጥይት ተገደለ። ስለዚህ ሚያዝያ 54 ላይ አዲስ አበባ የተገናኙት አንደኛው ወገን ንጉሥ ያባረረ፣ ሌላኛው ወገን ንጉሥ ያለው፣ ያንን የተባረረ ንጉሥ ተከትለው የወጡትን ስደተኞችም ያስጠለለ ነበር። ኮሚሽኑ እነዚህን ነበር አንድ መንግሥት ሁኑ ያላቸው።

እኔም ያን ማታ ያልኩት ይሄንኑ ነው። ቋንቋችሁ አንድ፣ መልካችሁ አንድ፣ ሙዛችሁ አንድ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ብለን ያደግን ሰዎች መለያየት ሲባል ወዲያው ጥፋት ይመስለናል። ማን ፈተለው፣ ለማንስ ተፈተለ ብለን ግን አንጠይቅም።

ቆጣሪው

አዲስ አበባ ላይ የተገኘው ውጤት ይህ ነው፦ አንድ አገር መሆን አልተቻለም። ገንዘቡና ጉምሩኩ ግን የጋራ ይሁን ተባለ። በጁላይ 1 ቀን 1962፣ በእኛ ሰኔ 24፣ ሁለት ባንዲራ ተሰቀለ፤ የሚያወጡት ፍራንክ አንድ ነው፤ ባንካቸው አንድ ነው።

ይሄን ሳነብ የሳቅኩት ወድጄ አይደለም። የእናቴና የአክስቴ ነገር ትዝ ብሎኝ ነው።

አያቴ ሲሞቱ ጉለሌ ያለው ቤት ለሁለቱ ልጆቻቸው ተካፈለ። ሽማግሌ ተቀመጠ፤ መሐል ላይ ግንብ ተሠራ፤ በር ለየብቻ ወጣ። መብራቱ ላይ ሲደርሱ ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ቆጣሪው የጋራ ይሁን፤ እሱ እንኳ ያቀራርባችሁ» አሉ። ነገሩ ደግ ነበር። ሁለቱም «ይሁን» አሉ። ቆጣሪው ግን ያለው በአክስቴ በኩል፣ ከበሯ በላይ ነው።

አራት ዓመት እንደዚያ ኖርን። በየወሩ ሒሳብ ሲመጣ ጦርነት ነው። እናቴ እንጀራ የምትጋግረው በኤሌክትሪክ ምጣድ ነው፤ አክስቴ ደግሞ ማቀዝቀዣ አላት። «ምጣዱ ነው የበላው»፣ «የለም፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚያንቀጠቅጠው የሷ ዕቃ ነው።» የእኛ አምፖል ድንገት ከጠፋ እናቴ ቀድማ የምታየው ፈረቃ መሆኑን ሳይሆን የአክስቴን መስኮት ነው። እዚያ በርቶ ካየች በቃ። እኔ በአሥራ ሁለት ዓመቴ በሩብ ልክ ተካፍሎ የመብራት ሒሳብ መሥራት ተምሬያለሁ፤ የባንክ ሥራዬ የጀመረው እዚያ ነው ብል አልዋሸሁም።

ኡሱምቡራ የአክስቴ በር ነበረች። የገዢው መቀመጫ፣ ሐይቁ ላይ ያለው ወደብ፣ መጋዘኑ፣ ቢሮው ሁሉ እዚያ ነው የተሠራው፤ በሰረዟ ዘመን አንድ ዋና ከተማ ይበቃ ስለነበር። ኪጋሊ በነፃነት ቀን ጥቂት ሺህ ሰው የሚኖርባት መንደር ነበረች። ሩዋንዳ ቤቷን ተረከበች፤ ቆጣሪው ግን ጎረቤት ቀረ።

ሙሴ አባታቸው ካያንዛ ላይ ሱቅ እንደነበራቸው ነግረውኛል። ካያንዛ ቡሩንዲ ውስጥ ናት፣ ድንበሩ ጥግ። አባታቸው ባቄላና ጨርቅ ይዘው በካንያሩ ወንዝ በኩል ቡታሬ ድረስ ይነግዱ ነበር፤ ዛሬ ሁዬ የምትባለው ከተማ። ለአባታቸው ነፃነት የመጣ ሰሞን ብዙም የተለወጠ ነገር አልነበረም፤ እዚያም እዚህም አንድ አዞ ያለበት ሃያ ፍራንክ ነው የሚመነዘረው። «አባቴ ባንዲራ አይቆጥርም ነበር፤ ፍራንክ ነበር የሚቆጥረው» አሉኝ።

በዲሴምበር 1963 ከቡሩንዲ የተነሡ የታጠቁ ስደተኞች በቡጌሴራ በኩል ሩዋንዳ ገብተው ወደ ኪጋሊ ገሰገሱ። ተመቱ። ከዚያ የሩዋንዳ መንግሥት ፊቱን ውስጥ ወዳሉት ቱትሲዎች አዞረ፤ ጊኮንጎሮ ውስጥ ብቻ ሺዎች ተገደሉ። ምሳሌዬ እዚህ ላይ ይሰበራል። በእኛ ቆጣሪ ሰው አልሞተም። እናቴና አክስቴ የከፋቸው ዕለት ተኮራርፈው ነው ያደሩት፤ ቆጣሪው ሲለይላቸውም በማግሥቱ ቡና ተጠራሩ። የሩዋንዳና የቡሩንዲ ግን ገንዘባቸው የተለየው በሬሳ ላይ ነው። በ1964 የጋራው ባንክ ፈረሰ፤ ሁለቱም የየራሳቸውን አቋቋሙ። አዲስ ገንዘብ እስኪታተም ድረስ ምን ይደረግ? ያለውን አሮጌ ወረቀት አምጥቶ ስም መምታት። እዚያ «ሩዋንዳ»፣ እዚህ «ቡሩንዲ»።

ጠረጴዛው ላይ ያየሁት ጥቁር ጽሑፍ ይሄ ነው።

ይሄ ጉዳይ ለምን እንደሚከነክነኝ ለራሴም ግልጽ ያልሆነልኝ ጊዜ ነበር። አሁን በከፊል ይመስለኛል። አዲስ አበባ ላይ «አንድ አንሆንም» ያሉት ሰዎች ተሳስተዋል ብዬ ማመን ትቻለሁ። ባለቤቶቹ ሳይጠየቁ የተጻፈች ሰረዝ ነች፤ የመሰረዝ መብት ነበራቸው። የሚከነክነኝ «ገንዘቡ ግን የጋራ ይሁን» የምትለዋ ነች። ደግ ነበረች፤ የሽማግሌው ዓይነት ደግነት። መተማመን ያልቻሉ ሰዎች ካዝና ይጋሩ፣ ካዝናው ያስማማቸዋል ተባለ። እኔ ግን ካዝና ሁለት ቁልፍ ያለው ለምን እንደሆነ ከሥራዬ አውቃለሁ። ሁለቱ ሰዎች አብረው ካልቆሙ እንዳይከፈት ነው፤ ሲኮራረፉ እንዲያስታርቅ ተብሎ አይደለም።

እኛም ቤት አለ። ኤርትራ ነፃ ከወጣች በኋላ ከአራት ዓመት በላይ በብር ነበር የምትገበያየው። ናቅፋ የወጣው በኖቬምበር 1997 ነው፤ ጦርነቱ በሜይ 1998። አንዱ ሌላውን ወለደ አልልም፤ የዛላምበሳ ሰው ግን ያን በጋ በምን ሸጦ በምን እንደገዛ ጠይቁት።

ታኅሣሥ

ሙሴን ከኪጋሊ በኋላ አላገኘኋቸውም። በስልክ መልእክት ግን እንጠያየቃለን፤ እሳቸው ለገና፣ እኔ ለፋሲካ። በ2013 መስከረም ብር ሲለወጥ ዜናውን ሰምተው «አዞዬ እንዳይስቅባችሁ» ብለው ጻፉልኝ።

የዚያን ዓመት ሦስት ወር ባንክ ቤት የሠራ ሰው ምን እንደነበር ያውቃል። አሮጌው መቶ ብር ከየጓዳው ወጣ። የበርበሬ ሽታ ያለው፣ የናፍታ ሽታ ያለው፣ አፈር ውስጥ ከርሞ የረጠበ። ቆጣሪ ማሽኑ በአቧራ እየታነቀ ይቆም ስለነበር በየሰዓቱ እየከፈትን በብሩሽ እንጠርገው ነበር። እኔ ጠዋት ስገባ ማስክ አድርጌ፣ ማታ ስወጣ ማስኩ ጠቁሮ።

ቀነ ገደቡ ካለፈ በኋላ፣ ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ፣ አንዲት እናት መጡ። ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጥረው የያዙትን ፈቱ። ሦስት አሮጌ መቶ ብር፤ ለአራት የታጠፈ፣ እጥፋቱ ላይ ነጭ መስመር ያወጣ።

«እማማ፣ ይሄ አልፏል።»

«ምን አለፈው? ያው ብር አይደለም?»

«ተለውጧል። እስከ ታኅሣሥ 6 ነበር።»

«አልሰማሁም ልጄ። ታምሜ ነበር።» ብሩን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። «ምንም አልሆነም እኮ፤ እየው፣ ሙሉ ነው።»

እውነታቸውን ነው። ሙሉ ነበር። አልተቀደደም፣ አልተጻፈበትም። አውራ ጣቴ እንደ ልማዱ ዳሰሰው፤ ክሩ አለ፣ የውኃ ምልክቱ አለ። እንከን የሌለበት ብር ነበር፤ ሙሴ ቢያዩት ምን እንደሚሉ በዚያች ቅጽበት አሰብኩ። አባታቸውም ካያንዛ ላይ፣ ካንያሩን ተሻግረው ካመጡት ገንዘብ ውስጥ ሳይመታበት የቀረ ነበር ወይ? እዚያኛው ዳር የተመታበትንስ እዚህኛው ዳር ማን ተቀበላቸው? ኪጋሊ ላይ ይሄን አልጠየቅኳቸውም ነበር። ስለ አንድ ሕዝብ እየሰበክሁ ነበርና ጊዜ አልነበረኝም።

ሰልፉ ረጅም ነው፤ ከኋላ ሰው ጉሮሮውን ይጠርጋል። ከኪሴ ሦስት አዲስ መቶ ብር አውጥቼ ሰጠኋቸው። መርቀውኝ ሄዱ። አሮጌዎቹ እኔው ጋ ቀሩ፤ መሳቢያ ውስጥ ሳይሆን ቦርሳዬ ውስጥ፣ ከጉርድ ፎቶዬ ኋላ።

ማታ አንዱን አምፖል ሥር ዘርግቼ ፎቶ አነሣሁትና ለሙሴ ላክሁላቸው። ታሪኩንም ጻፍኩ፤ የአባታቸውንም ነገር ጠየቅኩ። እስኪመልሱ ሁለት ቀን ፈጀባቸው።

«አባቴ ሁለት ክምር ነበረው» ብለው ጀመሩ። «የቡሩንዲ የተመታበትን እናቴ በላችው፤ ማለቴ ዱቄት ገዛችበት። የሩዋንዳ የተመታበትን አንድ የቡታሬ ወዳጁ በግማሽ ዋጋ ወሰደለት። ምንም ያልተመታበት አንድ አምስት ፍራንክ ነበረች፤ እሷን እኔ ተጫወትኩባት።»

ከሥር ደግሞ፣ የላክሁላቸውን ፎቶ አስከትለው፦

«የአንተዋስ ማኅተሟ የት አለ?»